ሰም፣ ወርቅና ባዜቃ፦ በወርቅ ስለተለበጡት የፈረንሳይ መቅረዞችና ስለ ሠሪዎቻቸው

ለዶክትሬት ጥናቴ እንግሊዝ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ለንደን በሄድኩ ቁጥር ሳልጎበኝ ከማልመለስባቸው ቦታዎች አንዱ ዋላስ ኮሌክሽን የተባለው ሙዚየም ነበር። መግቢያው በነጻ መሆኑ ለተማሪ ኪስ ይስማማል። እዚያ ከጣሪያ ላይ ከተንጠለጠሉት የፈረንሳይ መቅረዞች አንዱ የሠሪውን የዣክ ካፊዬሪን ስምና 1751 የሚለውን ዓመት ይዟል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅጠልና አበባ መስለው የተቀረጹት የነሐስ ቅርንጫፎች እርስ በርስ እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቢያልፋቸውም ወርቃቸው ትናንት የተቀባ ይመስላል። የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩና በአእምሮዬ የተመላለሰው ጥያቄ ስለ ውበቱ አልነበረም፤ ይህ ወርቅ ነሐሱን እንዲህ አጥብቆ ሊይዝ የቻለው እንዴት ነው? የሚል ነበር። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ።

ወርቅን በነሐስ ላይ ማሳደር

እስቲ በመጀመሪያ ቀላል የሚመስለውን ዘዴ እናስብ። ወርቁን አቅልጦ መቅረዙን፣ እንጀራን ወጥ ውስጥ እንደምናጠቅስ፣ ወርቁ ውስጥ አጥቅሶ ማውጣት አይቻልም ወይ? አይቻልም። ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴልሽየስ ነው። መቅረዞቹ የተሠሩበትና በልማድ ነሐስ የሚባለው ቅይጥ ደግሞ በአመዛኙ መዳብና ዚንክ፣ በጥቂቱም ቆርቆሮና እርሳስ የያዘ ሲሆን ከ1000 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ስለዚህ ከወርቁ ድስት የሚወጣ መቅረዝ አይኖርም፤ ቀልጦ ይቀራል። ስስ የወርቅ ቅጠል በሙጫ መለጠፍስ? ይህ ለእንጨትና ለመጻሕፍት ያገለግላል፤ የሻማ ሙቀትና የአገልጋይ መወልወያ ጨርቅ በየቀኑ በሚፈራረቁበት ብረት ላይ ግን ብዙ አይቆይም።

መፍትሔው ከጥንት ጀምሮ የታወቀው የባዜቃ (የሜርኩሪ) ዘዴ ነው። ወርቅ ለባጩ ንጹሕ ወርቅን ቀጥቅጦ ያሳሳል፤ ቆራርጦም በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ ያግለዋል። ከዚያም በክብደት ስምንት እጥፍ ያህል ባዜቃ ይጨምርበታል። ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ ወርቁ በባዜቃው ውስጥ ይሟሟል። ድብልቁ ከቀዘቀዘ በኋላ በስስ ቆዳ ተቋጥሮ ሲጨመቅ ትርፉ ባዜቃ በቆዳው ቀዳዳዎች ይወጣል። በቆዳው ውስጥ የሚቀረው አንድ እጅ ወርቅና ሁለት እጅ ያህል ባዜቃ የያዘ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሊጥ ነው፤ አማልጋም ይባላል። ፈረንሳዮች ለዚህ የወርቅ ሥራ የሰጡት ስም «ኦር ሙሉ» ሲሆን ትርጉሙ የተፈጨ ወርቅ ማለት ነው (ከእኛው «ሙሉ» ጋር ዝምድና የለውም)። እንግሊዞች «ኦርሞሉ» የሚሉት ከዚሁ ወስደው ነው።

ነሐሱ በአሲድ ይጸዳል። በናይትሪክ አሲድ የተሟሟ ባዜቃም ይቀባል፤ ይህ አማልጋሙ ገጽታውን በሚገባ እንዲይዝ ያደርጋል። ከዚያ አማልጋሙ በሽቦ ብሩሽ እየተነካ በየቅጠሉና በየስንጥቁ ይዳረሳል። በዚህ ደረጃ መቅረዙ ወርቅማ መልክ የለውም፤ እንደ ብር ነጭ ነው። ወርቁ የሚወጣው በፍም ላይ ነው። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን በብዛት ይተናል። ሠራተኛው ጓንት ባጠለቀ እጁ ዕቃውን እያገላበጠ፣ ፊቱን ወደ ፍሙ አስጠግቶ፣ አማልጋሙን በብሩሽ እየመታ እኩል ያዳርሳል። ባዜቃው በተን መልክ ወደ አየር ይሄዳል፤ ወርቁ ከነሐሱ ጋር ተሳስሮ ይቀራል። በከፍተኛ ሙቀት የወርቅና የመዳብ አቶሞች በድንበሩ ላይ ይሰራረጋሉና ልባጡ እንደ ቀለም አይላጥም። ጥሩ ዕቃ ይህን ሂደት ሁለትና ከዚያም በላይ ጊዜ ያልፋል።

እዚህ ላይ ለፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ወርቅ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ 79ኛ፣ ባዜቃ 80ኛ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ከባድ አቶሞች ውስጥ ለኒውክሊየሱ በጣም የቀረቡት ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ግምቱን 79ን ለ137 በማካፈል ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የአይንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ችላ ሊባል አይችልም። በዚሁ ሕግ ምክንያት የውጨኛው ኤስ ምሕዋር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በወርቅ ላይ ይህ ሲሆን ሰማያዊ ብርሃን ይመጠጣል፤ ቢጫ መልክ ይገኛል። በባዜቃ ላይ ሲሆን ደግሞ የውጨኞቹ ኤሌክትሮኖች ከጎረቤት አቶም ጋር ለመጣመር ይለግማሉ፤ ብረቱም በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ይሆናል። በ2013 የታተመ ስሌት እንዳሳየው አንጻራዊነት ባይኖር ኖሮ የባዜቃ የመቅለጫ ነጥብ በ105 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይል ነበር። አንዱን ቢጫ፣ ሌላውን ፈሳሽ ያደረገው ምክንያት አንድ ነው ማለት ነው። የፓሪስ ለባጮች አይንስታይን ከመወለዱ በፊት በእጃቸው የያዙት ሊጥ ይህን ሁሉ ይዟል።

ሠሪዎቹ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ አንድ መቅረዝ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አንዱ ይነድፋል፣ አንዱ ሞዴሉን ይሠራል፣ ሌላው ያቀልጣል፤ ቀራጺው በጥቃቅን መሮዎች የቅጠሉን ሥር ሳይቀር ያወጣል፤ በመጨረሻ ለባጩ ይረከባል። ነሐስ አቅላጮችና ቀራጮች አንድ የሙያ ማኅበር ነበሩ፤ ወርቅ ለባጮች ሌላ። እስከ 1776 ድረስም ተለያይተው ቆይተዋል። ማኅበራቱ ራሳቸው በአብዮቱ ዘመን፣ በ1791፣ ፈርሰዋል። ከዚህ የሥራ ክፍፍል የተነሣ አብዛኞቹ ዕቃዎች ስም የላቸውም፤ እንደ ካፊዬሪ የፈረሙ ጥቂቶች ናቸው። ለጥናት ሁነኛ ማስረጃ ሆኖ የተገኘው፣ የሚገርመው፣ የግብር ማኅተም ነው። ከ1745 እስከ 1749 ባለው ጊዜ የመዳብ ቅይጥ ዕቃዎች ዘውድ የደፋች ትንሽ የሲ ፊደል ይመቱባቸው ነበር። ይህች ፊደል ያለችበት መቅረዝ በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ ለመኖሩ ምስክር አለው። ግብር ሰብሳቢዎች ለታሪክ ያበረከቱት ውለታ ብዙ ጊዜ አይነገርላቸውም።

ከለባጮቹ መካከል ስሙ የገነነው ፒየር ጉቲዬር ነው። በ1732 ተወልዶ በ1758 የወርቅ ለባጭነት ማዕረጉን አገኘ። ደብዛዛ ልባጥ የሚባለውን አሠራር ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያደረሰ እርሱ እንደሆነ ይነገርለታል። ደንበኞቹ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ የነበረችውን ማዳም ዱ ባሪን የመሳሰሉ ታላላቆች ነበሩ። ታላላቆች ግን ዕዳ መክፈል ላይ ይዘገያሉ። ጉቲዬር በ1787 ከሠረ፤ ማዳም ዱ ባሪ በታኅሣሥ ወር 1793 አንገቷን ተቀላች፤ እርሱም ገንዘቡን ሳያገኝ በ1813 በድህነት ሞተ። በዚያው ዘመን የነበረው ፍራንሷ ሬሞን ደግሞ በ1774 የማኅበሩ ባለሙሉ ማዕረግ ለባጭ ሆኖ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ብዙ መቅረዞችን ሠርቷል።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው ፒየር-ፊሊፕ ቶሚር (1751–1843) ሥራውን ከጓዳ ወደ ፋብሪካ አሳደገው። በ1804 የአንድ ትልቅ የጌጣጌጥ ነጋዴን ድርጅት ገዛ፤ በናፖሊዮን ዘመንም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። የቶሚር መቅረዞች በክንፍ ባላቸው የድል ሴቶች ምስል ይታወቃሉ፤ ሴቲቱ ቆማ ቅርንጫፎቹን በእጇ ታነሣለች። ለእኔ ዓይን ከካፊዬሪዎቹ ይልቅ ደረቅ ይላሉ፤ የወርቁ ጥራት ግን የሚወቀስ አይደለም።

ለምን ወርቅ? ለምን ደብዛዛ?

መብራት ጠፍቶበት በሻማ ወይም በጧፍ ያጠና ተማሪ የሚከተለውን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ሻማ 12.6 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ የብርሃን መለኪያ የሆነው ካንዴላ የተገኘው ከሻማ ነውና ቁጥሩ በ4π የተባዛ አንድ ካንዴላ ነው። ባለ ስድስት ቅርንጫፍ መቅረዝ እንግዲህ ከ75 ሉመን አይዘልም። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው አንድ ተራ አምፖል 800 ሉመን ይሰጣል፤ ከ60 ሻማ በላይ መሆኑ ነው። የሰም ሻማ ውድ ነበር፤ ድኻው የሚያበራው በሞራ ነበር። ስለዚህ የበራው ብርሃን አንዲት ጨረር እንኳ እንዳትባክን መስተዋቱም፣ ግድግዳውም፣ መቅረዙ ራሱም ሊያንጸባርቃት ይገባ ነበር።

ወርቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ቀዩን ብርሃን ከ95 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ ከሰማያዊው ግን 40 በመቶ ገደማውን ብቻ። የሻማ ነበልባል የቀለም ሙቀት 1900 ኬልቪን ያህል ስለሆነ መጀመሪያውኑ ሰማያዊ ብርሃኑ እጅግ ጥቂት ነው። በሌላ አነጋገር ወርቅ የሚመጥጠው ሻማ የሌለውን ነው። በቀን ብርሃን ወርቅ ባለቀለም መስተዋት ሲሆን በሻማ ብርሃን ግን ወደ ፍጹም መስተዋት ይጠጋል። ሙዚየሞች እነዚህን ዕቃዎች በነጭ መብራት ሲያሳዩን ከታሰበላቸው ሌላ ነገር እያሳዩን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደብዛዛው ልባጥም ምክንያት አለው። በአጌት ድንጋይ ተፈግፍጎ የለሰለሰ ወርቅ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ የሚያየው በትክክለኛው ማዕዘን የቆመ ሰው ብቻ ነው። የጉቲዬር ዓይነት ደብዛዛ ገጽታ የሚገኘው ልባጡ ላይ የጨው፣ የሻብና የጨው ጴጥሮስ ድብልቅ ተቀብቶ ከጋለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ነው፤ ወርቁ በጥቂቱ ተበልቶ በጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል። እንዲህ ያለ ገጽታ ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ የቅጠሉ ሆድ ለስላሳ ፍካት ይሰጣል፤ ጠርዙ ያብረቀርቃል። ነበልባሉ ሲንቀጠቀጥ መቅረዙ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

የትንፋሽ ሒሳብ

በአማርኛ ቅኔ ከሰሙ በስተ ጀርባ ወርቅ አለ። በእነዚህ መቅረዞች ሰሙም ወርቁም በግልጽ ይታያሉ፤ የተሰወረው ባዜቃው ነው። የት ሄደ?

ሒሳቡን እንሥራ። የጥንድ መቅረዞች ጠቅላላ የገጽታ ስፋት 0.5 ካሬ ሜትር፣ የልባጡ ውፍረት 5 ማይክሮሜትር ነው እንበል። የወርቁ ይዘት 2.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ19.3 ስናባዛው 48 ግራም ወርቅ። በአማልጋሙ ውስጥ ባዜቃው እጥፍ ስለሆነ 96 ግራም ባዜቃ ወደ አየር ወጣ ማለት ነው። የሥራ ክፍሉ 5 በ4 በ3 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ ነው። ባዜቃ በ20 ዲግሪ የተን ግፊቱ 0.17 ፓስካል ነው። የጋዝ ሕግን ተጠቅመን፦

0.17 ÷ (8.314 × 293) × 200.6 = 0.014

ይህም በአንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ሚሊ ግራም ነው። አየሩ ከዚህ በላይ ባዜቃ መያዝ አይችልም። ክፍሉ በጠቅላላ የሚይዘው እንግዲህ 840 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ነው። የቀረው 95 ግራም በግድግዳው፣ በወለሉና በሠራተኛው ልብስ ላይ ይጤዛል። እሳቱ ሲጠፋም ሥራውን አያቆምም፤ አየሩ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይተናል። ስለዚህ ለባጩ የሚመረዘው ፍሙ ፊት ሲቆም ብቻ ሳይሆን ምሳውን ሲበላም፣ ልብሱን ለብሶ ቤቱ ሲገባም ነው። ዛሬ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከሚመከሩት ገደቦች አንዱ በሜትር ኩብ 0.025 ሚሊ ግራም ነው። 14ን ለ0.025 ብናካፍል 560 እናገኛለን።

ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ሲሰበር ባዜቃውን እየተሻማን በመዳፋችን ላይ እናንከባልለው ነበር። ሳንቲም እየቀባንም «ብር አደረግነው» እንል ነበር። የከለከለን ሰው አልነበረም። ከላይ ያለውን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት ያስታወስኩት ያንን ነው፤ በአንድ ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው አንድ ግራም ያህል ባዜቃ በጊዜ ብዛት 60 ሜትር ኩብ የሆነ ዝግ ክፍልን እስከ ጫፍ ለማርካት ይበቃል።

የባዜቃ ተን በሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይገባል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ጠባይ ይለወጣል፤ ከሁሉም በላይ እጅ ይንቀጠቀጣል። የእጁ ጥበብ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ የዕለት ጉርሱን ማጣት ነው።

የራቭሪዮ ኑዛዜና የዳርሴ ጭስ ማውጫ

ይህን ካዩት መካከል አንዱ አንድሬ-አንትዋን ራቭሪዮ ነበር። ራሱ የነሐስ ዕቃ አምራች፣ የናፖሊዮን ቤተ መንግሥት አቅራቢ ነበርና ሀብቱ የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። በ1814 ሲሞት ለባጮችን ከባዜቃ መርዝ የሚጠብቅ ዘዴ ለሚያገኝ ሰው እንዲሰጥ 3,000 ፍራንክ ተናዘዘ። ሽልማቱን በ1818 ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የተቀበለው ኬሚስቱ ዣን-ፒየር-ዦዜፍ ዳርሴ ነው። በዚያው ዓመት ስለ ነሐስ ልበጣ ያሳተመው ጥናት ዛሬም የዘመኑን አሠራር ለማወቅ ቀዳሚ ምንጭ ነው።

የሚደንቀኝ የመፍትሔው ዓይነት ነው። ዳርሴ ባዜቃን የሚተካ አዲስ ቅመም አላገኘም። ያደረገው የአየሩን መንገድ መለወጥ ነው። ምድጃውን በሽፋን ጋርዶ ከረጅም ጭስ ማውጫ ጋር አገናኘው። ከጎኑም ሌላ ትንሽ ምድጃ ሠራ። የዚህኛው ተግባር ጭስ ማውጫውን ማሞቅ ብቻ ነው፤ የሞቀው አየር ሲወጣ የክፍሉ አየር በሠራተኛው ጀርባ በኩል አልፎ ተኑን ይዞ ወደ ላይ ይሳባል።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። የውጪው አየር 15 ዲግሪ ሲሆን እፍግታው 1.23፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ 80 ዲግሪ ሲሆን 1.00 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። ቁመቱ 8 ሜትር ቢሆን የግፊት ልዩነቱ 0.23 × 9.8 × 8፣ ማለትም 18 ፓስካል ነው። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ሆኖም ሰበቃን ብንተው አየሩን በሰከንድ 6 ሜትር ያስሮጠዋል። አንድ ሰው ከፊቱ ያለውን መርዝ እንዳይተነፍስ ለማድረግ 18 ፓስካል በቂ ነበር።

ነገር ግን ረዳቱ ምድጃ ማገዶ ይበላል፤ ማገዶ ደግሞ ገንዘብ ነው። ያልነደደ ምድጃ አየር አይስብም። ከጣሪያው በላይ የወጣው ባዜቃም ጠፍቶ አልጠፋም፤ በፓሪስ ሰፈሮች ላይ ወረደ እንጂ። ይህ ችግር ካለፉት ዘመናት ጋር የቀረ አይደለም። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍሎች በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች አሸዋውን ከባዜቃ ጋር አሽተው አማልጋሙን በክፍት እሳት ላይ ያነዱታል፤ የፓሪሱ ለባጭ ያደርግ እንደነበረው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ በ2015 ከሰው ልጅ ሥራ ወደ አየር ከተለቀቀው ባዜቃ 38 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 838 ቶን ገደማ፣ የመጣው ከዚህ ነው።

ከኤሌክትሪክ በኋላ

ባዜቃን ከሥራው ያስወጣው ሌላ የፊዚክስ ግኝት ነው። ቮልታ ባትሪውን በ1800 አስተዋወቀ፤ ብሩኛቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ በ1805 በኤሌክትሪክ ኃይል ወርቅ ለበጠ። በ1840 እንግሊዛዊው ኤልኪንግተን ዘዴውን ለኢንዱስትሪ የሚያበቃ ፓተንት አወጣ፤ የፓሪሱ ክሪስቶፍል በ1842 መብቱን ገዛ። አዲሱ ዘዴም ሲያናይድ የሚጠቀም በመሆኑ ከመርዝ ነጻ አይደለም፤ ነገር ግን መርዙ በገንዳ ውስጥ ይቆያል እንጂ ፊትን አይመታም። ወርቅም ይቆጥባል፤ የማይክሮሜትር ክፍልፋይ የሆነ ልባጥ ማግኘት ይቻላል። የእሳት ልበጣ ወዲያውኑ አልጠፋም፤ ምርጥ ሥራ ፈላጊዎች ለረጅም ጊዜ በእርሱ ጸንተዋል።

በዓይን ሁለቱን መለየት ባለሙያን ሳይቀር ያሳስታል። በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ግን ቀላል ነው። ገጽታው ላይ ኤክስሬይ ሲበራ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን መስመር ይመልሳል። የወርቅ ዋናው መስመር 9.71 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ የባዜቃ 9.99 ላይ ነው፤ ጎረቤታሞች ስለሆኑ መስመሮቻቸውም ይቀራረባሉ፤ ጥሩ መመርመሪያ ግን ይለያቸዋል። በእሳት በተለበጠ መቅረዝ ላይ ሁለተኛው መስመር ይታያል። ፍሙ ያላባረረው ጥቂት ባዜቃ ከወርቁ ጋር ተሳስሮ ስለቀረ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም እዚያው አለ።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ የዳርሴን ጭስ ማውጫ ከ80 ዲግሪ ወደ 160 ዲግሪ ብናሞቀው የአየሩ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል? በሰከንድ የሚወጣው የአየር ክብደትስ? እፍግታው ከፍጹም መጠነ ሙቀት ጋር በተቃራኒው እንደሚለዋወጥ በማስታወስ አስሉና፣ ማገዶውን የሚገዛው ሰው እናንተ ብትሆኑ ስንት ዲግሪ ላይ እንደምታቆሙ ወስኑ።